ለጓሮ ዶሮ መልካም መኖ ስለ መምረጥ

ዶሮ በቤት ከሚረቡት እንስሳት ሁሉ ትንሽ ቦታ የምትይዝ፤ ጥቂት ገንዘብ የምትጠይቅና ዋጋዋን ፈጥና የምትመልስ ናት። በብዙ ቤት የጨው፤ የሳሙናና የደብተር መግዣ የሚገኘው ከዕንቁላል ሽያጭ ነው። ይህንንም ገንዘብ አብዛኛውን ጊዜ የምትይዘው የቤቱ እመቤት ናት። ይሁን እንጂ ዶሮዎችን በግቢ ዘግቶ ለሚቀልብ ሰው ከወጪው ሁሉ የሚበልጠው የመኖ ወጪ ነው። ከሚወጣው 10 ብር ውስጥ ከ6 እስከ 7 ብር የሚሆነው ለመኖ ይውላል። ስለዚህ በመኖ ምርጫ የተሳሳተ አርቢ፤ የዶሮ ቤቱን ቢያሳምርና የተሻለ ዘር ቢገዛም እንኳ ትርፍ ሊያገኝ አይችልም።

ብዙ ሰው መኖ ሲገዛ አስቀድሞ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ዋጋን መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዋጋው በፊት ሦስት ነገሮች መመርመር አለባቸው። አንደኛው መኖው ለዶሮዋ ዕድሜና ለምትሰጠው አገልግሎት የሚስማማ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ንጹሕና ከሻጋታ የራቀ መሆኑ ነው። ሦስተኛው አዲስ መሆኑ ነው። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው መኖ በርካሽ ቢገዛም በመጨረሻ ውድ ሆኖ ይገኛል። ይህ እንዴት እንደሚሆን ከዚህ በታች በዝርዝር ተገልጿል።

ዶሮ ከመኖዋ የምትፈልገው

ዶሮ ከመኖዋ የምታገኛቸው ነገሮች በአምስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ኃይልና ሙቀት የሚሰጠው ሲሆን፤ ይህ በብዛት የሚገኘው ከበቆሎ፤ ከስንዴ፤ ከማሽላና ይህን ከመሳሰሉት እህሎች ነው። ሁለተኛው ሥጋን፤ ላባንና ዕንቁላልን የሚገነባው ፕሮቲን ነው፤ ይህም ከፋጉሎ፤ ከአኩሪ አተር፤ ከዓሣ ዱቄትና ከነፍሳት ይገኛል። ሦስተኛው ለአጥንትና ለዕንቁላል ቅርፊት የሚያስፈልጉት ካልሲየምንና ፎስፎረስን የመሳሰሉ ማዕድናት ናቸው። አራተኛው ቪታሚን ነው። አምስተኛው ውሃ ነው።

እነዚህ አንዱ የሌላውን ቦታ ሊተካ አይችልም። በቆሎ ብቻ የምትበላ ዶሮ ሆድዋ ይሞላል፤ ሰውነትዋም ይሰባል፤ ዕንቁላል ግን አትጥልም። በቆሎ በውስጡ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 9 እጅ ገደማ ብቻ ሲሆን፤ የምትጥል ዶሮ መኖ ግን ከመቶ 16 እስከ 17 እጅ ፕሮቲን ሊኖረው ያስፈልጋል። እንዲሁም አንድ ዕንቁላል ቅርፊቱን ለመሥራት ወደ 2 ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ይወስዳል። ይህን ከመኖዋ ያላገኘች ዶሮ ከገዛ አጥንትዋ እያወጣች ትሰጣለች። በዚህም ምክንያት በመጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ቀጥሎም እግርዋ ይደክማል፤ በመጨረሻም መጣልዋን ታቆማለች።

መኖና ዕድሜ

ለአንዷ ዶሮ መልካም የሆነው መኖ ለሌላዋ ጎጂ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አርቢው መኖ ከመግዛቱ በፊት የዶሮዎቹን ዕድሜ ለይቶ ማወቅ አለበት።

ከተፈለፈሉበት ቀን ጀምሮ እስከ 8 ሳምንት ላሉ ጫጩቶች ከመቶ 18 እስከ 20 እጅ ፕሮቲን ያለው፤ በደቃቁ የተፈጨ መኖ ያስፈልጋል። በዚህ ዕድሜ በመኖ ላይ የሚደረግ ቁጠባ በኋላ የማይመለስ ጉዳት ያስከትላል፤ የቀጨጨች ጫጩት ቆይታ ብትቀለብም መልካም ጣይ አትሆንም። ከ8 እስከ 18 ሳምንት ላሉ ቄቦች ከመቶ 15 እስከ 16 እጅ ፕሮቲን ይበቃል። መጣል ከጀመሩ በኋላ ደግሞ ፕሮቲኑ ወደ 16 ወይም 17 እጅ ከፍ ማለት፤ ካልሲየሙም ከመቶ 3.5 እስከ 4 እጅ መድረስ አለበት።

በዚህ ላይ በብዙ ቤት የሚታየው ስሕተት ለጣይ ዶሮዎች የተገዛውን መኖ ለጫጩቶችም ማካፈል ነው። ለጫጩት ከመቶ 1 እጅ ገደማ ካልሲየም ይበቃታል። በጣይ ዶሮ መኖ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከዚህ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለሆነ፤ ከመጠን ያለፈው ሁሉ በኩላሊትዋ በኩል መውጣት ይኖርበታል፤ ኩላሊትዋም ይጎዳል። እናትና ጫጩቶች አብረው በሚውሉበት ግቢ ሁለቱን በመኖ መለየት አስቸጋሪ ከሆነ፤ ሁሉም የጫጩቱን መኖ እንዲበሉ አድርጎ፤ ለጣዮቹ የተሰባበረ የኖራ ድንጋይ ወይም የዕንቁላል ቅርፊት በሌላ ዕቃ ለብቻ ማቅረብ ይሻላል። የሚያስፈልጋት ዶሮ ራስዋ እየመረጠች ትበላለች። የዕንቁላል ቅርፊት የሚሰጠው ታጥቦ፤ ተቆልቶና በደንብ ተሰባብሮ ነው፤ ቅርጹ ሳይለወጥ የተሰጣት ዶሮ ዕንቁላል እየሰበሩ መብላትን ልትለምድ ትችላለች። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን የጫጩቱ መኖ መድኃኒት ያልተቀላቀለበት ሲሆን ነው።

በአገር ውስጥ የሚገኙ የመኖ ዓይነቶች

በቆሎ ከእህሎች ሁሉ ለዶሮ የሚስማማ ነው። በአገሪቱ በብዛት የሚዘራው ግን ነጭ በቆሎ በመሆኑ፤ በቢጫው በቆሎ ውስጥ ያለው አስኳልን የሚያቀላና ለቪታሚን ኤ ምንጭ የሚሆነው ነገር ይጎድለዋል። ስለዚህ ነጭ በቆሎ የሚቀልብ አርቢ ጎመን፤ ቆስጣ ወይም ሌላ አረንጓዴ ቅጠል በየቀኑ እየከተፈ መጨመር ይገባዋል። ማሽላም መልካም መኖ ነው፤ ሆኖም አፍን የሚያጣብቀው ቀይ ወይም ቡናማ ማሽላ ፕሮቲኑ በሆድ ውስጥ እንዳይፈጭ የሚያግድ ታኒን የሚባል ነገር ስላለበት፤ ነጩን መምረጥ ይሻላል።

የስንዴ ፉርሽካ ከመቶ 15 እጅ ገደማ ፕሮቲን አለው። ዋጋውም ብዙውን ጊዜ ከእህል ይረክሳል። ነገር ግን ገለባማነቱ የበዛ ስለሆነ ከመኖው ጠቅላላ መጠን ከአምስት እጅ አንዱን ባያልፍ ይመረጣል። ፉርሽካ ብቻ የምትቀለብ ዶሮ በልታ ሳትጠግብ ትውላለች።

የኑግ ፋጉሎ በአገሪቱ በብዛት የሚገኝ የፕሮቲን ምንጭ ነው። ከመቶ 30 እጅና ከዚያም በላይ ፕሮቲን አለው። ጉድለቱ ሁለት ነው፤ አንደኛው ገለባ ይበዛበታል፤ ሁለተኛው ላይሲን የሚባለው ለዶሮ እጅግ አስፈላጊ የሆነው የፕሮቲን ክፍል ያንሰዋል። ይህን ጉድለት የሚሞላው አኩሪ አተር ወይም የዓሣ ዱቄት ነው። ስለዚህ ሁለቱን አዳብሎ መስጠት አንዱን ብቻ አብዝቶ ከመስጠት ይበልጣል።

አኩሪ አተር ከመቶ 37 እጅ ገደማ ፕሮቲን ያለው ነው፤ ነገር ግን በጥሬው መስጠት አይገባም። በጥሬው አኩሪ አተር ውስጥ ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለ፤ ዶሮዎቹ እየበሉ ይከሳሉ። ይህን ነገር የሚያጠፋው ሙቀት ነው። ሲቆላም እያገላበጡ ቀለሙ ወደ ቀላ ያለ ቡናማነት እስኪለወጥና የጥሬነት ሽታው እስኪጠፋ ድረስ መሆን አለበት፤ ጠቁሮ ካረረ ግን ፕሮቲኑ ራሱ ይበላሻል።

ፋጉሎ ሁሉ አንድ አይደለም። አርቢው ሻጩን ፋጉሎው ከምን ፍሬ የወጣ መሆኑን መጠየቅ አለበት። የተልባ ፋጉሎ ለከብት መልካም ቢሆንም ለዶሮ ከበዛ እድገትን የሚገታ ስለሆነ፤ ከመቶ 5 እጅ ማለፍ የለበትም። የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ ጎሲፖል የሚባል መርዛማ ነገር አለበት፤ የጣይ ዶሮዎች መኖ ሲሆን ዕንቁላሉ ሲቀመጥ አስኳሉ ወደ አረንጓዴና ቡናማ ይለወጣል፤ ገዢም ይመልሰዋል። የጉሎ ፍሬ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው አሠር ደግሞ ገዳይ መርዝ ያለበት ስለሆነ፤ ከዶሮ አጠገብ እንኳ መድረስ የለበትም።

የጠላ አተላ በብዙ ቤት ለዶሮ ይሰጣል። ፕሮቲንም ስላለው መልካም ነው። ነገር ግን እርጥብ አተላ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይበላሻል፤ ስለዚህ በዕለቱ መስጠት ወይም በፀሐይ በደንብ አድርቆ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የእንጀራና የዳቦ ፍርፋሪም ያልሻገተ ከሆነ ከመኖው ጋር ቢጨመር አይጎዳም። ጨውና በርበሬ የበዛበት የወጥ ትራፊ ግን ለዶሮ አይሆንም። የአቮካዶ ልጣጭና ፍሬም ለአዕዋፍ መርዝነት ስላለው፤ ከጭማቂ ቤት የሚመጣ ተረፈ ምርት ሳይለይ መሰጠት የለበትም።

የእህል ግርድ በርካሽ ስለሚገኝ ብዙ ሰው ይገዛዋል። ግርድ ከመግዛት በፊት በሰፌድ አበጥሮ ማየት ያስፈልጋል። በውስጡ እንክርዳድ ወይም የአስተናግር ፍሬ ከተገኘበት መተው ይሻላል፤ ሁለቱም መርዝነት አላቸው። ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ቀይ፤ ሮዝ ወይም ሰማያዊ ቀለም የተቀባ እህል ሲገኝ ነው። ይህ እህል ለዘር ተብሎ በመድኃኒት የታሸ ስለሆነ፤ ቢታጠብም ለዶሮ አይሰጥም።

ሻጋታ

ከመኖ ጉድለቶች ሁሉ ብርቱውን ጥፋት የሚያደርሰው ሻጋታ ነው። ይህን ዓለም በሚገባ የተረዳው በ1952 ዓ.ም.፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960፤ በእንግሊዝ አገር በደረሰ አደጋ ነው። በዚያ ዓመት ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ የቤት አዕዋፍ ከ100,000 በላይ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። በመጀመሪያ የበሽታው ምክንያት አልታወቀም ነበር። በኋላ ሲመረመር ምክንያቱ ከብራዚል የመጣና የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። በፋጉሎው ላይ የበቀለው ሻጋታ የሚያወጣው መርዝም አፍላቶክሲን የሚል ስም ተሰጠው።

ይህ መርዝ በተለይ በበቆሎ፤ በለውዝና በፋጉሎ ላይ ይገኛል። እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ሲከማች፤ በነቀዝ ሲበላ ወይም በመንገድ ዝናብ ሲያገኘው ሻጋታው ይበቅላል። በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙ የወተት ላሞች መኖ ላይ የተደረገና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት፤ የዚህ መርዝ ዋና ምንጭ የኑግ ፋጉሎ መሆኑን አሳይቷል። ይህም ማለት ኑግ ፋጉሎ ይተው ማለት ሳይሆን፤ ሲገዛም ሲቀመጥም የተለየ ጥንቃቄ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

አፍላቶክሲን ጣዕምና ሽታ የለውም፤ በዓይንም አይታይም። በመቀቀልና በመቁላት አይጠፋም። ሻጋታው ከላይ ቢጠረግም መርዙ በውስጥ ይቀራል። ስለዚህ የሻገተውን ክፍል አንስቶ የቀረውን መስጠት፤ ወይም የሻገተውን ከደኅናው ጋር ቀላቅሎ ማሳነስ፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ቢሆንም አደገኛ ልማድ ነው።

መርዙ በብዛት ሲሆን ይገድላል። በጥቂቱ ሲሆን ግን ጉዳቱ ቀስ እያለ የሚመጣ ስለሆነ አርቢው ምክንያቱን ሳያውቅ ይቀራል። ጉበትን ያበላሻል፤ እድገትን ያዘገያል፤ ዕንቁላልን ይቀንሳል። ከዚህም በላይ ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን ኃይል ያደክማል። ዶሮዎቹን ያስከተበ አርቢ ክትባቱ ሳይሠራ ሲቀር ክትባቱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን በመኖው ጆንያ ውስጥ ሊሆን ይችላል። መርዙ በጥቂቱ ወደ ጉበትና ወደ ዕንቁላል የሚተላለፍ ስለሆነም፤ ነገሩ ዶሮዋን ብቻ ሳይሆን ዕንቁላሉን የሚበሉትን የቤቱን ልጆች ይመለከታል። የሻገተ እህል ለሰው ካልሆነ ለዶሮ ይሁን የሚለው አሳብ ስሕተት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በገበያ የሚደረግ ምርመራ

መሣሪያ የሌለው አርቢ መኖን በዓይኑ፤ በእጁና በአፍንጫው መርምሮ ብዙ ነገር ሊያውቅ ይችላል።

በመጀመሪያ ከጆንያው አፍ ላይ ያለውን ብቻ ማየት አይበቃም። እጅን ወደ መካከሉ አግብቶ ከውስጥና ከሥር ማውጣት ያስፈልጋል። እጅ ወደ ውስጥ ሲገባ ሙቀት ከተሰማው መኖው ረጥቦ መበላሸት ጀምሯል። የተጓጎለ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር የያዘ፤ አረንጓዴ፤ ጥቁር ወይም ነጭ አቧራ የበቀለበት፤ የምድር ቤት ሽታ ያለው መኖ መተው አለበት። ፋጉሎ ሲሆን ደግሞ የቆየ ዘይት ሽታ ካለው ቅባቱ ተበላሽቷል።

በቆሎ ሲገዛ ፍሬው ሙሉ፤ ከባድና በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ የሚሰበር መሆን አለበት። የተሰበረ፤ ቀለሙ የተለወጠና በነቀዝ የተበሳ ፍሬ ሻጋታ የሚይዘው ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ ነው፤ ይህን በእጅ ለቅሞ ማውጣት መርዙን በእጅጉ ይቀንሳል። ድርቀቱን ለማወቅ የሚረዳ ቀላል ዘዴም አለ። በደረቀና ክዳን ባለው ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው ይጨመራል፤ በላዩም የጠርሙሱን ሩብ ያህል በቆሎ አድርጎ ለጥቂት ደቂቃ መነቅነቅና ማሳረፍ ነው። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በቆሎው ገና እርጥብ ነው፤ ከመቶ 15 እጅ በላይ እርጥበት አለው። ለማከማቸት የሚሆነው እህል እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ ያልበለጠ ነው።

የተፈጨ መኖና ፉርሽካ ሲሆን ባዕድ ነገር እንዳይቀላቀልበት መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንድ እፍኝ ወስዶ በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ማማሰልና ማሳረፍ ነው። አሸዋና አፈር ከብርጭቆው ሥር ይዘቅጣል። ሰጋቱራ ከተቀላቀለበት ከላይ ሲንሳፈፍ ይታያል፤ በጣት ሲታሽም እንደ ፉርሽካው አይለሰልስም።

የኖራ ድንጋይ ዱቄት መሆኑን ለማረጋገጥ ጥቂት የሎሚ ጭማቂ ማንጠባጠብ ይበቃል፤ እውነተኛው አረፋ እያወጣ ይንጫጫል። ለግድግዳ ቅብ የሚሆነው የተቃጠለ ኖራ ግን አፍና አንጀት የሚያቃጥል ስለሆነ ለመኖ አይሆንም።

ከፋብሪካ የሚወጣ መኖ ሲገዛ ጆንያው በፋብሪካ እንደ ተሰፋ መሆኑን፤ በላዩም የመኖው ዓይነት፤ የተሠራበት ቀን፤ ክብደቱና የፕሮቲኑ መጠን መጻፉን ማየት ይገባል። ስለ መድኃኒት የተጻፈ ካለም ማንበብ ያስፈልጋል። ለጫጩት ተብሎ መድኃኒት የተጨመረበት መኖ ለጣይ ዶሮ አይሰጥም።

ስለ ዋጋና ስለ ግዢ መጠን

የመኖ ዋጋ የሚመዘነው በኪሎ ብቻ ሳይሆን በሚገኘው ዕንቁላል ጭምር ነው። ለምሳሌ 10 የተሻሻለ ዘር ጣይ ዶሮዎች ያሏት እመቤት ብትኖር፤ አንዷ ዶሮ በቀን 115 ግራም ብትበላ፤ 10ሩ በቀን 1 ኪሎ ከ150 ግራም ይበላሉ። መኖው መልካም ሆኖ በቀን 7 ዕንቁላል ብታገኝ፤ ለአንድ ዕንቁላል የወጣው መኖ 164 ግራም ነው። መኖው ደካማ ሆኖ ዕንቁላሉ በቀን ወደ 4 ቢወርድ፤ ለአንዱ ዕንቁላል 288 ግራም ይወጣል። እንግዲህ ደካማው መኖ በዋጋው ሩብ ያህል ቢረክስላት እንኳ፤ ለአንድ ዕንቁላል የምታወጣው ከመልካሙ መኖ 216 ግራም ከምትገዛበት ጋር እኩል ነው። በርካሹ መኖ ምክንያት ከእያንዳንዱ ዕንቁላል ላይ የ52 ግራም መልካም መኖ ዋጋ ታጣለች ማለት ነው።

ብዙ ገዝቶ ዋጋ ማስቀነስም ራሱን የቻለ አደጋ አለው። የተቀላቀለና የተፈጨ መኖ ከቆየ ቪታሚኑ ይደክማል፤ ቅባቱም ይበላሻል። ስለዚህ ከተሠራ በኋላ ከአንድ ወር እስከ አንድ ወር ተኩል ውስጥ ቢያልቅ ይመረጣል። ከላይ የተባሉት 10 ዶሮዎች በ30 ቀን የሚበሉት 34 ኪሎ ተኩል ነው። 50 ኪሎ የሚይዝ ጆንያ 43 ቀን ይበቃቸዋል፤ አንድ ኩንታል ግን 87 ቀን ይቆያል። እንግዲህ 10 ዶሮ ላለው ሰው 50 ኪሎ ልኩ ነው፤ ኩንታል መግዛት ከፈለገ ግን ከጎረቤቱ ጋር ተካፍሎ ቢገዛ የዋጋውን ቅናሽም የመኖውን አዲስነትም ያገኛል።

በቤት ስለ መቀላቀል

የፋብሪካ መኖ በማይገኝበት ወይም ዋጋው በማይቻልበት ቦታ አርቢው ራሱ ሊቀላቅል ይችላል። ለጣይ ዶሮዎች 100 ኪሎ መኖ ለማዘጋጀት የሚከተለው ልክ ያገለግላል።

በቆሎ፤ 48 ኪሎ።
የስንዴ ፉርሽካ፤ 14 ኪሎ።
የኑግ ፋጉሎ፤ 14 ኪሎ።
የተቆላ አኩሪ አተር፤ 14 ኪሎ።
የኖራ ድንጋይ ዱቄት፤ 8 ኪሎ።
በደንብ የተቀቀለና የደረቀ የአጥንት ዱቄት፤ 1 ኪሎ ተኩል።
ጨው፤ ግማሽ ኪሎ።

ይህ ድብልቅ ከመቶ 16 እጅ ገደማ ፕሮቲን አለው። እህሉ መፈጨት ያለበት ከርደድ ተደርጎ ነው፤ እንደ እንጀራ ዱቄት ከላመ በመንቁራቸው ላይ እየተጣበቀ ይባክናል። ጨውና የአጥንት ዱቄት ጥቂት ስለሆኑ አስቀድመው ከጥቂት ፉርሽካ ጋር ተለውሰው በኋላ ከቀረው ጋር ይቀላቀላሉ። አለዚያ ጨው በአንድ ቦታ ተከማችቶ የተወሰኑትን ዶሮዎች ይጎዳል። ሁሉም በንጹሕ ሸራ ላይ ሦስት ወይም አራት ጊዜ በአካፋ እየተገለበጠ ቀለሙ አንድ ዓይነት እስኪሆን ድረስ ይደባለቃል። ከግቢ የማይወጡ ዶሮዎች ከሆኑ ለዶሮ ተብሎ የተዘጋጀውን የቪታሚንና የማዕድን ቅመም በመያዣው ላይ በተጻፈው ልክ መጨመር፤ በየቀኑም አረንጓዴ ቅጠል መስጠት ያስፈልጋል።

እየተለቀቁ ለሚመገቡ ዶሮዎች

የአገሩ ዶሮ እየጫረች የምትመገብ ስለሆነች ሙሉ ቀለብ አትጠይቅም። ለእርስዋ የሚያስፈልጋት ከሜዳ ያላገኘችውን መሙላት ነው፤ ይህም እንደ ወቅቱ ይለያያል። በደጋው አገር ከሰኔ እስከ መስከረም ትሉ፤ ነፍሳቱና ቅጠሉ ይበዛል፤ እህሉ ግን በየቤቱ የሚያልቅበት ጊዜ ነው። ስለዚህ በክረምት የሚጎድላት ኃይል ሰጪው እህል ነው። መኸር ከተሰበሰበ በኋላ የወደቀ እህል ታገኛለች፤ ነገር ግን ምድሩ ሲደርቅ ነፍሳትና ቅጠል ይጠፋሉ። ስለዚህ በበጋ የሚጎድላት ፕሮቲኑ ነው። በክረምት ጥቂት እህል፤ በበጋ ጥቂት ፋጉሎና የተከተፈ ቅጠል የሰጠ አርቢ፤ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት መኖ ከሚሰጠው ይልቅ በጥቂት ወጪ የተሻለ ውጤት ያገኛል። መጠኑም ለአንዷ በቀን 30 ግራም ያህል ቢሆን ይበቃል። ማታ ወደ ማደሪያቸው ሲመለሱ መስጠት ይመረጣል፤ ወደ ቤት የመመለስ ልማድንም ያጸናላቸዋል።

ስለ አቀማመጥ

መልካም ሆኖ የተገዛ መኖ በአቀማመጥ ጉድለት በሳምንት ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። ጆንያው በመሬት ላይ ሳይሆን በጣውላ ወይም በርብራብ ላይ፤ ከግድግዳም አንድ ክንድ ያህል ርቆ መቀመጥ አለበት። ቤቱ ዝናብ የማያስገባ፤ ነፋስ የሚያገኘውና አይጥ የማይደርስበት መሆን ይገባዋል። አሮጌው መኖ ሳያልቅ አዲሱን በላዩ መጨመር ነቀዝንና ሻጋታን ከአሮጌው ወደ አዲሱ ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ዕቃው ባዶ ሆኖ ተጠርጎና በፀሐይ ደርቆ መሞላት አለበት። ለነቀዝ ማጥፊያ የሚሸጠው ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ሰውንም እንስሳንም የሚገድል ስለሆነ፤ ሰው በሚያድርበት ቤት በተቀመጠ መኖ ውስጥ ማድረግ ፈጽሞ አይገባም።

ውሃም እንደ መኖ ይቆጠራል። ዶሮ ከምትበላው በክብደት እጥፍ ያህል ትጠጣለች፤ በሙቀት ጊዜም ከዚያ ይበልጣል። ከዕንቁላሉ ውስጥ አብዛኛው ክፍል ውሃ ስለሆነ፤ ግማሽ ቀን ውሃ ያጣች ዶሮ መልካም መኖ ብታገኝም ዕንቁላልዋ ይቀንሳል።

የመኖው መልካምነት በዶሮዎቹ ላይ ሲታይ

መኖው መልካም መሆኑን በመጨረሻ የሚመሰክሩት ዶሮዎቹ ራሳቸው ናቸው። ኩክኔያቸው ቀይ፤ ላባቸው የተስተካከለ፤ ቅርፊቱ ጠንካራ ከሆነ መኖው ይስማማቸዋል። ቅርፊቱ ሲሳሳ ካልሲየም ይጎድላል። እርስ በርሳቸው ላባ ሲነቃቀሉ የፕሮቲን ወይም የጨው ማነስ ሊሆን ይችላል። አዲስ ጆንያ በተከፈተ በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙዎቹ መብላት ቢቀንሱ፤ ዕንቁላልም ቢያንስ፤ ያን ጆንያ ወዲያው ማቆምና ማስመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህም ጆንያው የተከፈተበትን ቀንና በየቀኑ የተለቀመውን ዕንቁላል በደብተር መጻፍ የሚረዳው ለዚህ ነው። ይሁን እንጂ መልካም መኖ ክትባትን አይተካም፤ ፈንግል የገባበት ግቢ ዶሮዎቹ ጠግበው ቢያድሩም ሊያልቁ ይችላሉ።

በዓቢይ ጾም የዕንቁላል ገዢ ሲያንስ መኖን መቀነስ የሚፈልግ አርቢ ብዙ ነው። ነገር ግን በረኃብ መጣል ያቆመች ዶሮ እንደ ገና ለመጣል ሳምንታት ይፈጅባታል። በጾሙ ወቅት መኖ የተቀነሰባት ዶሮ ዕንቁላል እጅግ በሚፈለግበት በፋሲካ ባዶ እጅዋን ትገኛለች። ስለዚህ አርቢው ከጾሙ በፊት ያረጁትንና የማይጥሉትን ለይቶ በመሸጥ የመኖውን ወጪ ያሳንስ፤ ለሚቀሩት ጣዮች ግን መልካሙን መኖ ሳይቀንስ ይስጥ። ጥቂት ዶሮዎችን በመልካም መኖ መያዝ ብዙዎችን በደካማ መኖ ከመያዝ ለቤቱ የበለጠ ዕንቁላልና የበለጠ ገንዘብ ያስገኛል።